ከርነሉና ድራይቨሩ ሲጣሉ፦ ከአፕዴት በኋላ ስክሪኑ የጠቆረ ሊኑክስ እንዴት ይጠገናል?

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2024 (የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.) ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ሥርጭት የሚያዘጋጀው ፕሮጀክት 12.5 የተባለውን እትሙን ለተጠቃሚዎች ለቀቀ። ዴቢያን «ስቴብል» በሚለው መስመሩ የሚያወጣቸው እንዲህ ያሉ እትሞች አዲስ ነገር የሚጨምሩ አይደሉም፤ የደህንነት ክፍተቶችንና ከባድ ስሕተቶችን የሚደፍኑ ማስተካከያዎች ተጠራቅመው የሚወጡባቸው ናቸው። ስለዚህም ብዙው ተጠቃሚ አፕዴቱን አስጀምሮ ወደ ሌላ ሥራው ይዞራል። በዚያ ቅዳሜ ግን የኤንቪዲያን ድራይቨር (የግራፊክስ ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ከዴቢያን ማከማቻ የጫኑ ሰዎች ተመልሰው ሲያዩ አፕዴቱ መሀል ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ተርሚናሉ ላይ የተጻፈው በአጭሩ ይህ ነበር፦ የኤንቪዲያ ሞጁል 6.1.0-18 ለተባለው አዲስ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት ለሆነው ፕሮግራም) ሊገነባ አልቻለም፤ በዚህም ምክንያት የከርነሉን ፓኬጅ ማዋቀር አልተሳካም፤ ፓኬጅ አስተዳዳሪው ዲፒኬጂም ሥራውን በስሕተት አቋርጧል። የግንባታውን ሎግ ከፍቶ እስከ ታች የወረደ ሰው ደግሞ፣ ጂፒኤል ከተባለው የከርነሉ የክፍት ሶርስ ፈቃድ ጋር የማይስማማው የኤንቪዲያ ሞጁል ለጂፒኤል ብቻ የተፈቀደ ሲምቦል (ከርነሉ ለሞጁሎች የሚያቀርበው የፈንክሽን ስም) መጠቀሙን የሚገልጽ አንድ መስመር ያገኛል።

ይህን ክስተት መርጬ የማነሣው፣ ከርነሉ ውስጥ ከተደረገች አንዲት ትንሽ ለውጥ አንሥቶ ተጠቃሚው ፊት እስከሚቀርበው ጥቁር ስክሪን ያለው መንገድ ሁሉ ወለል ብሎ ስለሚታይበት ነው። ሊኑክስ ከአፕዴት በኋላ ሲበላሽ አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ገልብጦ የሚለጥፈው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ግን የሚጠቅመው ብልሽቱ የትኛው መገጣጠሚያ ላይ እንደሆነ ሲታወቅ ብቻ ነው፤ ሳይታወቅ የተሰጠ ትእዛዝ፣ ከዚህ በታች እንደምናየው፣ በቀላሉ ሊነሣ የሚችለውን ማሽን ጭራሽ እንዳይነሣ ያደርገዋል።

ሦስቱ ስሪቶች

የኤንቪዲያ ድራይቨር በስም አንድ ቢሆንም በተግባር ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ከርነሉ ውስጥ ገብቶ ከካርዱ ጋር በቀጥታ የሚነጋገረው ሞጁል ነው፤ ሁለተኛው ኦፕንጂኤልን፣ ቩልካንንና ኩዳን ለፕሮግራሞች የሚያቀርበው የላይብረሪዎች ስብስብ ነው። ከርነሉ የሚቀበለው ለራሱ የተገነባ ሞጁል ብቻ ስለሆነ፣ ለ6.1.0-17 የተገነባው ሞጁል 6.1.0-18 ላይ አይገባም። ላይብረሪዎቹም በበኩላቸው ስሪታቸው ከሞጁሉ ስሪት ጋር እስከ መጨረሻዋ አኃዝ ካልገጠመ አይሠሩም። ስለዚህ ከርነሉ፣ ሞጁሉና ላይብረሪዎቹ ሦስቱም መስማማት አለባቸው፤ ከአፕዴት በኋላ የሚያጋጥመው የኤንቪዲያ ብልሽት ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ከሦስቱ አንዱ ሌሎቹን ጥሎ ወደፊት በመሄዱ የሚመጣ ነው። ጥገናውም ሦስቱን መልሶ ማስማማት እንጂ ሁሉን ነቅሎ እንደገና መጫን አይደለም።

የኤኤምዲና የኢንቴል ካርድ ያላቸው ሰዎች ይህን ጣጣ እምብዛም አያውቁትም። የኤኤምዲ ዋና ድራይቨር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ፣ ማለትም ከከርነል 4.2 አንሥቶ፣ የከርነሉ ሶርስ ኮድ አካል ነው። ከርነሉ ውስጥ አንድን አሠራር የሚለውጥ ገንቢ ለውጡ የሚነካቸውን ድራይቨሮች አብሮ የማስተካከል ግዴታ ስላለበት፣ ሁለቱ ተስማምተው አብረው ይወጣሉ። ከላይ ያለው ሜሳ የተባለው ላይብረሪም ከሞጁሉ ጋር እኩል መሄድ የለበትም። እዚያ በኩል ችግር ሲመጣ ምንጩ በአብዛኛው ፈርምዌሩ (ካርዱ ውስጥ የሚሠራው ሶፍትዌር) ወይም ከርነሉ ራሱ ስለሆነ፣ አሮጌውን ከርነል መርጦ መነሣት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ኤንቪዲያ ግን ድራይቨሩን ከከርነሉ ውጭ ይዞ መኖርን መረጠ። የከርነሉ ገንቢዎች ለተራ ፕሮግራሞች የገቡት ቃል ጽኑ ነው፤ ትናንት የሠራ ፕሮግራም በከርነል ለውጥ ምክንያት ዛሬ መቆም የለበትም ይላሉ። ለሞጁሎች ግን እንዲህ ያለ ቃል አልገቡም፤ እንዲያውም ግሬግ ክሮሃ-ሃርትማን ለምን እንደማይገቡ የጻፈው ሰነድ ከከርነሉ ሶርስ ኮድ ጋር አብሮ ይሰራጫል። ፍሬ ነገሩ፣ ድራይቨርህ እንዳይሰበር ከፈለግህ ወደ ውስጥ አስገባው የሚል ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2012 ፊንላንድ በሚገኘው አልቶ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ኤንቪዲያን ካየናቸው ኩባንያዎች ሁሉ የከፋው ብሎ ሲናገር፣ ከንግግሩ ይልቅ የጣቱ ምልክት በዓለም ቢዞርም፣ ከጀርባው የነበረው ቅሬታ ግን ኩባንያው ከከርነሉ ገንቢዎች ጋር አብሮ አልሠራም የሚል ነበር።

ከውጭ ያለውን ድራይቨር ከርነሉ በተለወጠ ቁጥር እንደገና ለመገንባት ታስቦ የተሠራው መሣሪያ ዴል እ.ኤ.አ. በ2003 ያስጀመረው ዲኬኤምኤስ ነው። የሞጁሉን ሶርስ ኮድ ማሽኑ ላይ ያስቀምጥና፣ አዲስ ከርነል በተጫነ ቁጥር የዚያን ከርነል ሄደር ፋይሎች (ለግንባታ የሚያስፈልጉትን የኮድ መግለጫዎች) ተጠቅሞ ሞጁሉን ኮምፓይል ያደርጋል። ኡቡንቱ በዚህ ላይ ብቻ ላለመመካት የተገነቡና የተፈረሙ ሞጁሎችን በፓኬጅ ያቀርባል። ፌዶራ ላይ በአርፒኤም ፊውዥን በኩል የሚመጣው ድራይቨር «አክሞድስ» በሚባል ተመሳሳይ ዘዴ ይገነባል። ሁሉም ግን መንገዱ ላይ ያለውን ጉድጓድ ለማቋረጥ የተዘረጉ ድልድዮች ናቸው፤ ጉድጓዱ አለ።

በዚያ ቅዳሜ የሆነው

ከርነሉ ውስጥ አንድ የማህደረ ትውስታ ገጽ ቁጥር በእርግጥ ያለ ገጽን የሚያመለክት መሆኑን የሚያጣራ «ፒኤፍኤን ቫሊድ» የሚባል አጭር ፈንክሽን አለ። ገንቢዎች ይህ ፈንክሽን አንድ የማህደረ ትውስታ ክፍል በሚነቀልበት ቅጽበት የተለቀቀ መረጃ ሊያነብ እንደሚችል ደረሱበትና፣ «አርሲዩ» በሚባለው የከርነሉ መጠበቂያ እንዲታጠር አደረጉ። ለውጡ ትክክለኛና አስፈላጊ ስለነበር በ6.1 መስመር 6.1.76 ላይ (ዴቢያን 6.1.0-18 ብሎ ያቀረበው ይህን ነው)፣ በአዳዲሶቹም መስመሮች እንዲሁ ገባ። ችግሩ ፈንክሽኑ የተጻፈው ሄደር ፋይል ውስጥ መሆኑ ነው፤ ሄደር ውስጥ ያለ ኮድ ደግሞ ኮምፓይል በሚደረግበት ጊዜ ወደሚጠራው ሞጁል ሆድ ውስጥ ይገለበጣል። የመጠበቂያው መግቢያ ሲምቦል ለጂፒኤል ሞጁሎች ብቻ የተፈቀደ ነበር። በዚህ መንገድ የኤንቪዲያ ሞጁል አንዲት ፊደል ሳይለወጥበት የተከለከለ ሲምቦል ተጠቃሚ ሆኖ ተገኘ፤ በግንባታው ማብቂያ ላይ ፈቃዶችን የሚያመሳክረው የከርነሉ መሣሪያም አላሳልፍም አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር አለ። ያው 6.1.76 ከርነል በሌላ መልክ ተዋቅሮ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ላይታይ ይችል ነበር። ከርነሉ የአርሲዩ ንባብ መሀል ላይ እንዲቋረጥ በሚፈቅድ ቅንብር ሲገነባ መጠበቂያው ከውጭ የሚጠራ እውነተኛ ፈንክሽን ይሆናል፤ በሌላው ቅንብር ግን እዚያው ተሟሙቶ ስለሚቀር የሚጠየቅ ፈቃድ አይኖርም። ዴቢያን የመጀመሪያውን የተከተለ ነበር። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚል ምስክርነት በሊኑክስ ዓለም ውስጥ ብዙ ዋጋ የማይሰጠው ለዚህ ነው፤ የሰውየው ከርነል ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ከርነሉ አንድ አይደለም።

ፓኬጁ ለምን በግማሽ ቀረ ለሚለው ደግሞ መልሱ ያለው የከርነል ፓኬጅ በሚጫንበት ሥርዓት ውስጥ ነው። የከርነሉ ፋይሎች ቡት ፎልደር ውስጥ ከተቀመጡ በኋላ ጥቂት ስክሪፕቶች በፊደል ተራ ይሮጣሉ፤ መጀመሪያ ዲኬኤምኤስ ሞጁሎቹን ይገነባል፣ ቀጥሎ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለው፣ ከርነሉ ዋናውን ዲስክ እስኪያገኝ ድረስ የሚጠቀምበት ትንሽ የፋይል ጥቅል ይዘጋጃል፣ በመጨረሻም ግራብ የተባለው የማስነሻ ፕሮግራም አዲሱን ከርነል ምናሌው ላይ ያሰፍራል። አንደኛው ሲወድቅ ተከታዮቹ አይሮጡም። ዲኬኤምኤስ በመውደቁ ምክንያት አዲሱ ከርነል ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ኢኒትራምኤፍኤስ አልተዘጋጀለትም፤ ምናሌው ላይም አልሰፈረም። ከዚህ የሚከተለው የሚገርም ነው፦ ማሽኑን በዚያች ሰዓት ምንም ሳይነካ ያጠፋና ያስነሣ ሰው፣ አሮጌው 6.1.0-17 ከርነል ከነሠራው ድራይቨር ተነሥቶለት ስክሪኑም እንደ ወትሮው ይበራለታል። ደንግጦ የግራብን ምናሌ በእጁ ያደሰ ሰው ግን አዲሱን ከርነል ያለ ኢኒትራምኤፍኤስ ምናሌው አናት ላይ አስቀመጠ፤ ቀጥሎ ሲያስነሣው ከርነሉ ዋናውን የፋይል ሥርዓት ማግኘት እንዳልቻለ የሚገልጽ «ከርነል ፓኒክ» ጽሑፍ ላይ ይቆማል።

ዴቢያን ብዙ ሳይቆይ ያንኑ 525.147.05 ድራይቨር ማስተካከያ ጨምሮበት፣ አስቸኳይ ለውጦች በሚወጡበት የማከማቻው ክፍል በኩል አቀረበው። ጥገናው ይህን ማከማቻ መክፈት፣ የተስተካከለውን ድራይቨር መጫንና ዲፒኬጂ በግማሽ የቀሩትን ፓኬጆች ሁሉ አዋቅሮ እንዲጨርስ ማዘዝ ብቻ ነበር። መጠበቅ የፈለገ ሰው ደግሞ አዲሱን የከርነል ፓኬጅ ከነሄደሩ አንሥቶ በአሮጌው መቆየት ይችል ነበር። ይሁንና ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 2023፣ 12.3 ሊወጣ በታሰበበት ሰሞን የ6.1.64 ከርነል ኤክስቲ4 የፋይል ሥርዓት ላይ መረጃ ሊያበላሽ እንደሚችል ታውቆ እትሙ ታግዶ ነበር፤ በምትኩ 12.4 ወጣ። ያን ጊዜ ምክሩ መጀመሪያ «አፕዴት አታድርጉ»፣ 12.4 ከወጣ በኋላ ደግሞ «አፕዴት አድርጉ» ነበር። በየካቲቱ «ረጋ በሉ» ሲባል የተጠቃሚው ግራ መጋባት ሊያስገርመን አይገባም።

ከመንካት በፊት ማየት

ስክሪኑ ጠቁሮ ሲገኝ መጀመሪያ የሚለየው ማሽኑ ሞቷል ወይስ ግራፊክሱ ብቻ ነው የሞተው የሚለው ነው። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 አብረው ሲጫኑ የጽሑፍ ኮንሶል ከመጣ ሥርዓቱ እየሠራ ነው፤ የጎደለው ዴስክቶፑ ብቻ ነው። ካልመጣ ማሽኑን አጥፍቶ በሚነሣበት ጊዜ ሺፍትን ወይም ኤስኬፕን በመጫን የግራብን ምናሌ ማስወጣትና፣ ተጨማሪ አማራጮች በሚለው ሥር ከተዘረዘሩት አሮጌውን ከርነል መምረጥ ይቻላል። አሮጌ ከርነል ከሌለ ወይም እሱም ካልሠራ፣ ምናሌው ላይ «ኢ» ተጭኖ በከርነሉ የትእዛዝ መስመር መጨረሻ ላይ «ኖሞድሴት» የሚለውን መጨመር፣ ከርነሉ ውስጥ ያሉት የግራፊክስ ድራይቨሮች ስክሪኑን እንዳይረከቡ አድርጎ ቢያንስ ጽሑፍ ያሳያል። ይህ ለዚያች አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መሻገሪያ ነው። በቋሚነት ትተውት ካርዳቸው ለምን እንደተንቀራፈፈ ለወራት የሚጠይቁ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

የሥርዓቱን ቋንቋ አማርኛ ላደረጉ ሰዎች እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። የጽሑፍ ኮንሶሉ የግእዝ ፊደል በራሱ ስለማያሳይ፣ ተተርጉመው የሚወጡ መልእክቶች ባዶ ሳጥን ብቻ ሆነው ይታያሉ። ዴቢያን «ጎሃ» የሚባል የኢትዮጵያ ፊደል የኮንሶል ፎንት አብሮ ያቀርባል፤ በችግር ሰዓት ግን ፎንት ከማስተካከል ይልቅ የቋንቋውን ቅንብር ለዚያች ክፍለ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ይቀላል፤ የስሕተት መልእክቱን ቃል በቃል ፈልጎ ለማግኘትም ይረዳል።

ኮንሶል ከተገኘ በኋላ ሦስቱን ስሪቶች አንድ በአንድ መጠየቅ ነው። የሚሠራው ከርነል የትኛው እንደሆነ «ዩኔም» የሚባለው ትእዛዝ ይናገራል። ሞጁሉ ለየትኞቹ ከርነሎች እንደተገነባ የዲኬኤምኤስ ሁኔታ ዝርዝር ያሳያል፤ እዚያ «አዲድ» ብቻ ከተባለ ሶርስ ኮዱ ተቀምጧል እንጂ ምንም አልተገነባም፣ «ኢንስቶልድ» ከተባለ ደግሞ ተገንብቶ ቦታው ገብቷል ማለት ነው። ፓኬጆቹ የደረሱበትን ደረጃ የዲፒኬጂ ዝርዝር የመጀመሪያ ዓምድ በሁለት ፊደል ይነግራል፤ ሁለት «አይ» ማለት ሁሉ ደህና ነው፣ «አይ» እና «ኤፍ» ማለት ማዋቀሩ በግማሽ ቀርቷል፣ «አይ» እና «ዩ» ማለት ፋይሉ ተፈትቷል እንጂ ገና አልተዋቀረም። ያለፈው ቡት ላይ ከርነሉ የተናገረውን ደግሞ ጆርናል የሚባለው የሥርዓቱ መዝገብ ይዞታል።

ከዚህ ንባብ የሚገኙት መልሶች ብዙ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ጭራሽ ብልሽት አይደለም፤ የካርዱን ሁኔታ የሚያሳየው «ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ» የተባለው ትእዛዝ የድራይቨሩና የላይብረሪው ስሪት አልገጠመም ብሎ ሲመልስ ላይብረሪዎቹ ታድሰው አሮጌው ሞጁል ገና ማህደረ ትውስታ ላይ ተቀምጧል ማለት ስለሆነ፣ ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሣት ብቻ ይበቃል። ሌላው የተለመደው የሄደር ፓኬጅ አለመኖር ነው። ከርነሉ ሲያድግ ሄደሩ አብሮ እንዲያድግ የሚያደርገው መሪ ፓኬጅ ካልተጫነ፣ ዲኬኤምኤስ የሚገነባበት ነገር አጥቶ በዝምታ ያልፈዋል፤ ተጠቃሚውም አፕዴቱ ያለ አንዳች ስሕተት ተጠናቅቆ ሳለ ጥቁር ስክሪን ያገኛል። እንደ እኔ አመለካከት ይኼኛው ጮኾ ከሚወድቀው የዴቢያን 12.5 ብልሽት ይከፋል፤ ያኛው ቢያንስ ከሪስታርት በፊት አስጠንቅቋል። ኮምፓይለሩ የማይገጥምበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ኡቡንቱ 22.04 ላይ የመጣው 6.5 ከርነል በጂሲሲ 12 የተገነባ ሲሆን፣ የሥርዓቱ መደበኛ ኮምፓይለር ግን ጂሲሲ 11 ነበር፤ አሮጌው ኮምፓይለር የማያውቀውን አማራጭ ሲያገኝ ግንባታው ቆመ፣ ጂሲሲ 12ን የጫነ ሰው ተፈታለት።

ሴኪዩር ቡት (በታወቀ ቁልፍ ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሣ የሚከለክለው ጥበቃ) የበራባቸው ማሽኖች ላይ ደግሞ ሞጁሉ በትክክል ተገንብቶ ሳለ ከርነሉ ሊከለክለው ይችላል፤ ፊርማው በማይታወቅ ቁልፍ ስለሆነ። መፍትሔው ማሽኑ ራሱ ያመነጨውን ቁልፍ ማስመዝገብ ነው፦ ጊዜያዊ የይለፍ ቃል ይሰጠዋል፣ ቀጣዩ ቡት ላይ በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ቁልፉ ይጸድቃል። ብዙ ሰው ያን ገጽ ምን እንደሆነ ባለማወቅ «ቀጥል» ብሎ ያልፈዋል፤ ሁለተኛ ዕድል የሚገኘው ምዝገባውን እንደገና በማስጀመር ነው።

በጣም የሚጎዳው እርምጃ

ከብልሽቱ በላይ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ የተጠቃሚው ቀጣይ እርምጃ ነው። አንደኛው የኤንቪዲያ ስም ያለበትን ፓኬጅ ሁሉ በአንድ ትእዛዝ መንቀል ነው። ይህ ራሱን ችሎ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ኑቮ የተባለውን ክፍት ድራይቨር እንዳይጫን የሚያግድ የቅንብር ፋይል በሌላ መንገድ ተጽፎ ከቀረ፣ ካርዱ ሁለቱንም ድራይቨሮች አጥቶ ይቀራል። ሌላው ከኤንቪዲያ ገጽ የወረደውን ጫኝ ፋይል በፓኬጆቹ ላይ ደርቦ ማስኬድ ነው። ይህ ጫኝ ፓኬጅ አስተዳዳሪው የማያውቃቸውን ፋይሎች ያስቀምጣል፤ ለጊዜው ይሠራል፣ ቀጣዩ አፕዴት ግማሹን ሲደመስስበት ግን የትኛው ፋይል የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ሦስተኛው አፕት የተባለው የፓኬጅ መጫኛ ትእዛዝ «እነዚህ ይነሣሉ» ብሎ የሚያቀርበውን ዝርዝር ሳያነቡ መስማማት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ታዋቂ ዩቲዩበር ፖፕ ኦኤስ በተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ላይ ስቲም የተባለውን የጌም መደብር ለመጫን ሲሞክር፣ የፓኬጅ ግጭት ስለነበር አፕት ዴስክቶፑን በሙሉ ለማንሣት ጠየቀው፤ እሱም የማረጋገጫውን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ጽፎ ዴስክቶፑን አጣ። ከዚያ ወዲህ አፕት እንዲህ ያለውን ጥያቄ እንዲህ በቀላሉ እንዳያቀርብ ተደርጓል፤ ዝርዝሩን ማንበብን የሚተካ ነገር ግን የለም።

መብራት በመሀል ሲጠፋ የሚፈጠረውም እዚሁ ይመደባል፤ ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ለሚሠራ የአገራችን ተጠቃሚ ይህ ከፈቃድ ግጭት ይልቅ የቀረበ ምክንያት ነው። ፓኬጁ ተፈትቶ ሳይዋቀር መብራት ከሄደ፣ ሁኔታው በመዝገብ ስለተያዘ ዲፒኬጂን ካቆመበት እንዲቀጥል ማዘዝ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ቡት ክፍልፋዩ ሞልቶ ኢኒትራምኤፍኤስ ተቆርጦ የቀረ እንደሆነ ግን በመጀመሪያ ከሚሠራውና ከመጨረሻው በስተቀር ያሉትን አሮጌ ከርነሎች በፓኬጅ አስተዳዳሪው በኩል ማንሣት ይገባል፤ ፋይሎቹን በእጅ መሰረዝ ፓኬጅ አስተዳዳሪውን ያሳስታል። ኢንተርኔት የጠፋ እንደሆነ፣ በተለይ ኡቡንቱ ላይ ተጨማሪ ሞጁሎች ያሉበት ፓኬጅ ሳይጫን ቀርቶ ዋይፋዩ ከድምፁ ጋር አብሮ ሲጠፋ፣ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ዳታውን ማጋራት ብዙ ጊዜ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይሠራል። ድራይቨሩ ከነላይብረሪዎቹ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ስለሚሆን ግን፣ በሞባይል ዳታ ሁሉን ነቅሎ እንደገና ማውረድ ውድ ስሕተት ነው።

ማሽኑ ምንም ካልተነሣ የሚቀረው ከፍላሽ በሚነሣ «ላይቭ» ሥርዓት ገብቶ የተበላሸውን ሥርዓት ከውጭ መክፈት ነው። ዋናው ክፍልፋይ፣ ከዚያም ቡትና ኢኤፍአይ ክፍልፋዮች በየቦታቸው ይሰቀላሉ፤ ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነ አስቀድሞ ይከፈታል፤ የከርነሉ ልዩ ፎልደሮች ይያያዛሉ፤ ከዚያ «ሲኤች-ሩት» በተባለው ትእዛዝ ወደ ውስጥ ይገባል። ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ሰውን ደጋግመው ያስታሉ። ቡት ክፍልፋዩ ሳይሰቀል ኢኒትራምኤፍኤስን ያዘጋጀ ሰው ፋይሉን ማንም በማያነበው ቦታ አስቀምጦ ይወጣል፤ ቀጣዩ ቡት ላይ ምንም አልተለወጠም። ዲኬኤምኤስ ደግሞ ያለ ተጨማሪ መመሪያ የሚገነባው አሁን እየሠራ ላለው ከርነል ነው፤ ሲኤች-ሩት ውስጥ ሆኖ እየሠራ ያለው የፍላሹ ከርነል ስለሆነ፣ የተጫነውን ከርነል ስም ለይቶ መስጠት ግድ ይላል።

አርች ሊኑክስ ላይ ሁኔታው ትንሽ ይለያል። አርች አዲሱን ከርነል በአሮጌው ቦታ ስለሚተካው ግራብ ላይ የሚመረጥ አሮጌ ከርነል የለም፤ አስቀድሞ «ኤልቲኤስ» የተባለውን ለረጅም ጊዜ የሚደገፍ ከርነል ጎን ለጎን የጫነ ሰው ብቻ መውጫ ይኖረዋል። ፌዶራ በተቃራኒው ሦስት ከርነሎችን ያቆያል። ኦፕን ሱሴ ቢቲአርኤፍኤስ በተባለው የፋይል ሥርዓት ላይ ሲጫን ከእያንዳንዱ የፓኬጅ ለውጥ በፊትና በኋላ የሥርዓቱን ቅጽበታዊ ምስል ስለሚይዝ፣ ከቡት ምናሌው የትናንቱን ምስል መርጦ መነሣት ይቻላል። ለሥራ ማሽን የምመርጠው ይህን ነው፤ ጥገናን ወደ ረጋ ሰዓት የሚያስተላልፍ ስለሆነ።

ቀጣዩ መሰበሪያ

ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 የከርነል ሞጁሉን ሶርስ ኮድ በኤምአይቲና በጂፒኤል ጥምር ፈቃድ ሲከፍት፣ የዴቢያን 12.5 ዓይነት ግጭት ለዚያ ሞጁል ተዘጋ፤ ለጂፒኤል የተፈቀደው ሲምቦል ሁሉ ተፈቀደለት። ከከርነሉ ውጭ መሆኑ ግን አልተለወጠም፤ የከርነሉ የውስጥ ፈንክሽን ስሙን ወይም አጠራሩን በለወጠ ቁጥር ግንባታው መውደቁ ይቀጥላል። ክፍቱ ሞጁል የሚሠራውም ጂኤስፒ የተባለ ፕሮሰሰር ውስጣቸው ባለ ካርዶች፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ከቱሪንግ ትውልድ ጀምሮ ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት የወጡት ካርዶች፣ ማክስዌልና እንደ ጂቲኤክስ 1060 ያሉት የፓስካል ካርዶች፣ በ580 መስመር ላይ ቆመዋል፤ 590 አይደግፋቸውም። አርች በዲሴምበር 2025 ዋናውን የኤንቪዲያ ፓኬጅ ወደ 590ና ወደ ክፍቱ ሞጁል ሲያሻግር፣ የፓስካል ካርድ ይዞ ማስታወቂያውን ሳያነብ አፕዴት ያደረገ ሰው ሦስቱም ስሪቶች ፍጹም ተስማምተው ሳለ የማይሠራ ግራፊክስ አገኘ፤ ያልተስማማው ካርዱ ነበርና። ለእንዲህ ያለው ብልሽት አሮጌ ከርነል መምረጥ አይረዳም። መፍትሔው 590ን አንሥቶ በተጠቃሚዎች ማከማቻ ያለውን የ580 ዲኬኤምኤስ ፓኬጅ ከከርነሉ ሄደር ጋር መጫን ነው፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አዲስ ከርነል ከ580 ጋር መግጠሙን ከሪስታርት በፊት በዲኬኤምኤስ ዝርዝር ላይ ማየት የባለቤቱ ሥራ ይሆናል።

በዝግታ እየተገነባ ያለውና የመጀመሪያ መሠረቱ ከርነል 6.15 ውስጥ የገባው ኖቫ የተባለው አዲስ ድራይቨር፣ በራስት ቋንቋ የሚጻፍና ከከርነሉ ጋር አብሮ የሚያድግ በመሆኑ፣ ለቱሪንግና ከዚያ በኋላ ለመጡት ካርዶች ይህን መገጣጠሚያ የማስቀረት ተስፋ አለው። እሱም ግን በጂኤስፒ ላይ የሚመካ ስለሆነ ፓስካልን አያካትትም። ኑቮ ፓስካልን ያስነሣል፤ ፍጥነቱን ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው በኤንቪዲያ የተፈረመ ፈርምዌር ስላልተሰጠው ግን ካርዱ ሲነሣ በነበረበት ዝቅተኛ ፍጥነት ይቆያል። ያገለገለ ዴስክቶፕ ከገበያ ገዝቶ ሊኑክስ ሊጭንበት የሚያስብ ሰው ዋጋውን ከመከራከሩ በፊት የካርዱን ትውልድ ቢጠይቅ ይሻለዋል።